ተራን ዐውቆ ስለ መልቀቅ

ሥራን እንዴት እንደሚጀምሩት የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው። አባት ልጁን ዕርፍ ያስጨብጠዋል፤ እናት ልጇን ከምጣድ ዳር ታስቀምጣታለች፤ መምህርም ተማሪውን ከ«ሀ» ያስጀምረዋል። ሥራን እንዴት አድርገው እንደሚጨርሱትና ለሌላው እንደሚያስረክቡት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ከዚህም የተነሣ የብዙ ሰው አጀማመሩ አምሮ ሳለ አጨራረሱ ይበላሻል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ጥፋቴን ያሳየኝም፣ ብትስቁብኝም እናገራለሁ እንጂ አልደብቅም፣ አንድ የስለላ ፊልም ነው።

ያሳደጉኝ የሚሲዮን መምህራን ሲኒማን አይወዱም ነበር። የአገራችንም ሰው ቢሆን ፊልም መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር ይባላል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ቦታ ምክር አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዳሩ ግን ትምህርት የሚመጣበትን በር ሰው አይመርጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በአዳማ ከተማ፣ ስሟ ናዝሬት በነበረበት ጊዜ ጀምሬ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ነገርን ሁሉ በደብተር መመዝገብን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለምጄ ስለ ነበር፣ በየዓመቱ የማስተምረውን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ በገጹም ጠርዝ ላይ ተማሪዎቹ ያልገባቸውን ነገርና እንዴት አድርጌ እንዳስረዳኋቸው እመዘግብ ነበር። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ እነዚህ ደብተሮች አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሞልተው ነበር። ሳጥኑንም በእንግዳ መቀበያው ክፍል ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር አስቀመጥሁት።

በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት የራሴ ተማሪ የነበረ ነው። ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ቡና ተፈላ፤ ስለ ጤናዬም ከጠየቀኝ በኋላ አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፣ እነዚያን ደብተሮችዎን ቢያውሱኝ ኮፒ አድርጌ እመልስልዎ ነበር» አለኝ። እኔም «እሺ ልጄ፣ የት እንዳስቀመጥኋቸው ፈልጌ አስጠራሃለሁ» አልሁት። እርሱ ይህን ሲሰማ የተቀመጠው በአግዳሚው ወንበር ላይ ነበር፤ ደብተሮቹም ከተቀመጠበት ሥር ነበሩ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ይጠፉብኛል ብዬ ነው» እላችሁ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደብተሮቹን ከሰጠሁት ያለ እኔ ማስተማር ይችላል፤ ያለ እኔ ማስተማር ከቻለ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ይህን ሐሳብ በግልጽ አላሰብሁትም። በሰው ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ክፉ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ስሙን አይናገርም።

ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ምክንያት እየፈለግሁ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄድ ነበር። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሳልፍ ወጣቱ መምህር ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲያስተምር ሰማሁት። የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ ላንጋኖ ይሄዳል አለ። ይህ ስሕተት ነው። ቡልቡላ የሚገባው ወደ አብያታ ነው፤ ላንጋኖም ቢሆን ትርፉን በሆራ ቀሎ በኩል ወደዚያው ወደ አብያታ ይልካል። ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ በማግሥቱ በግል ብነግረው ይታረም ነበር። እኔ ግን ሳላንኳኳ በሩን ከፍቼ ገባሁና በስድሳ ተማሪ ፊት «ቡልቡላ ወደ አብያታ ነው የሚፈስሰው፤ ይህን እኮ አንተንም አስተምሬህ ነበር» አልሁት። «ልክ ነዎት ቲቸር፤ አመሰግናለሁ» ብሎ በሰሌዳው ላይ የጻፈውን በእጁ አጠፋው። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ነገሩን ነገረችኝ። ተማሪዎቹ መምህራቸውን «ቡልቡላ» ብለው ሰይመውታል። አዲስ ነገር ባስተማረ ቁጥርም ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ «ትልቁ ቲቸር ይጠየቁልን» ይላል፤ ክፍሉም ይስቃል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት አልነበረም፤ እንዲያውም በውስጤ ጥቂት ኩራት ነበረ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ካልጻፍሁት ይህ ድርሰት ዋጋ የለውም።

በዚሁ ሰሞን በዩኒቨርሲቲ የሚማረው የመጨረሻው ልጄ አንድ ቅዳሜ ማታ ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣና «አባዬ፣ ዛሬ አብረን እንይ፤ የዳንኤል ክሬግ መጨረሻ ነው» አለኝ። ፊልሙ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ይባላል፤ ትርጓሜው ለመሞት ጊዜ የለም እንደ ማለት ነው። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ነው። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አየሁት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከፊልሙ በፊት ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልንገርህ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ጄምስ ቦንድ የሚባለውን ሰላይ በ1953 ባሳተመው ልብ ወለድ የፈጠረው ኢያን ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። የሰላዩ መለያ ቁጥር 007 ነው። የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» በ1962 ወጣ፤ ቦንድን ሆኖ የተጫወተውም ሾን ኮነሪ ነበር። ከእርሱ በኋላ ጆርጅ ላዘንቢ፣ ሮጀር ሙር፣ ቲሞቲ ዳልተን፣ ፒርስ ብሮስናን፣ በመጨረሻም ዳንኤል ክሬግ ተራ በተራ በዚያው ስምና ቁጥር ተጫወቱ። እንግዲህ ስሙ አንድ፣ ሰዎቹ ስድስት ናቸው። የነዚህን ሰዎች አወጣጥ የተመለከተ ሰው ሥራን ስለ መልቀቅ ብዙ ይማራል።

ሾን ኮነሪ በ1967 አምስተኛውን ፊልም ሠርቶ በቃኝ አለ። ነገር ግን በ1971 ተመለሰ፤ ደግሞም በቃኝ ብሎ ሄደ። በ1983 በሌላ ኩባንያ ፊልም እንደ ገና ተመለሰ፤ የፊልሙም ስም ዳግመኛ አላደርገውም ብለህ አትማል የሚል ትርጓሜ ያለው ሆነ። ይህ ስም በራሱ በተዋናዩ ላይ የተሰነዘረ ቀልድ ነበር። እነሆ፣ ይህ ሄዶ የሚመለስ ሰው ነው።

ሮጀር ሙር ከ1973 እስከ 1985 ሰባት ፊልም ሠራ። በመጨረሻው ጊዜ ዕድሜው 57 ዓመት ነበር፤ ሲሮጥና ሲዘል የሚታየው ግን የወጣት ሥራ ነበር። ለዚያ ሥራ ዕድሜው ማለፉን በኋላ ራሱ እየቀለደ ተናግሯል። ይህ ደግሞ ከተራው አልፎ የሚቆይ ሰው ነው። በራሱ ላይ መሳቅ በመቻሉ ግን አከብረዋለሁ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ይህም አልነበረኝም።

ዳንኤል ክሬግ በ2005 ተመርጦ ስሙ በታወጀ ጊዜ ብዙ ሰው ተቃወመው። ፀጉሩ ቢጫ ነው፤ መልኩ ቦንድን አይመስልም ተባለ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የተባለው አንድ ፊልም እንኳ ሳይሠራ ነው። በ2006 «ካዚኖ ሮያል» ሲወጣ ግን ተሳዳቢዎቹ ዝም አሉ። በ15 ዓመት ውስጥ አምስት ፊልም ሠራ። አራተኛውን በ2015 ከጨረሰ በኋላ በድካም ሳለ ስለ መመለስ ተጠይቆ እጅግ መራራ ቃል ተናገረ፤ ኋላ ግን ሐሳቡን አረጋግቶ አንድ የመጨረሻ ሥራ ሊሠራ ተስማማ። የእኛው የአሰላ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2010 በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን ታሞ ባቋረጠ ጊዜ ሩጫ አቁሜአለሁ ብሎ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠና ከውድድር የተሰናበተው በ2015 ሆነ። ከዚህ የምንማረው በሕመምና በድካም ሰዓት የተነገረ ቃል ውሳኔ አለመሆኑን ነው። መልቀቅም ቢሆን በረጋ ልብ ሊታሰብበት ይገባል።

የክሬግ የመጨረሻ ፊልም በሚያዝያ 2020 ሊታይ ተወስኖ ሳለ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ደጋግሞ ዘገየና መስከረም 28 ቀን 2021 በሎንዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ክሬግ የቀረጻው ሥራ ባለቀበት ምሽት በሠራተኞቹ መካከል ቆሞ ዕንባ እየተናነቀው አመስግኖአቸው ነበር። መብራት የሚይዘው፣ ገመድ የሚጎትተው፣ ልብስ የሚያዘጋጀው ሁሉ በዚያ ነበረ። ሥራው የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ ያወቀ ሰው እንዲህ ይሰናበታል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። ቦንድ ሥራውን ትቶ በጃማይካ ደሴት ዓሣ እያጠመደ ይኖራል። አምስት ዓመት አልፎታል። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ታገኘዋለች፤ ስሟ ኖሚ ነው፤ ሙያዋ ስለላ ነው። 007 የሚለው ቁጥርም አሁን የእርሷ መሆኑን ትነግረዋለች። ቦንድ ለቁጥሩ ደንታ የሌለው ለመምሰል ይሞክራል፤ ፊቱ ግን ሌላ ይናገራል። እኔ እዚህ ላይ ወንበሬን አስጠጋሁ። ያን ፊት አውቀዋለሁና። በትምህርት ቤቱ መስኮት በኩል ሳልፍ በመስታወቱ ላይ ያየሁት የራሴ ፊት ነበር።

በመጀመሪያ ሁለቱ ይፎካከራሉ። ኋላ ግን ወደ ጠላት ደሴት በሚሄዱበት ጊዜ ኖሚ ራሷ ለአለቃቸው ቁጥሩ ለቦንድ እንዲመለስለት ታሳስባለች። ማንም አላስገደዳትም። ቦንድም ቁጥሩን አልነጠቃትም፤ አለቃዬን ልለምን፣ ላሳጣትም አላለም። አንዱ ሳይነጥቅ ሌላዋ ሳትሳሳ ተከባበሩ። ቁጥር ቁጥር ነው፤ ሰውን ሰው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

በፍጻሜውም ቦንድ በመርዝ ይበከላል፤ መርዙ የሚወዳትን ሴትና ትንሽ ልጁን ቢነካቸው የሚገድል ነው። በደሴቱ ላይ ያለው የጥፋት መሣሪያ እንዲደመሰስ ሚሳይሎች እየመጡ ነው። እርሱ በዚያው ቀርቶ ይሞታል። ከ1962 ጀምሮ በዚህ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ጄምስ ቦንድ ሲሞት ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ከሞቱ ይልቅ የነካኝ ሌላ ነገር ነው። እናቲቱንና ሕፃኗን በጀልባ ከደሴቱ ያወጣቻቸው ማን ናት? በቦታው የተተካችው ኖሚ ናት። በፊልሙ መጀመሪያ እንደ ባላንጣ ያያት ወጣት የሚወዳቸውን ሁሉ በእጇ ተረክባ አዳነችለት። ተተኪውን የናቀ ሰው ልጆቹን ለማን አደራ ሊሰጥ ነው?

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስሞች ሁሉ አልፈው በመጨረሻ ጄምስ ቦንድ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚናገር ጽሑፍ ታየ። ልጄ ሳቀና «ሞቶ እንዴት ይመለሳል?» አለኝ። እኔም «የሞተው ሰውዬው ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ሰው ይጠብቃል» ብዬ መለስሁለት። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። ልጄ እንቅልፍ የመጣብኝ መስሎት ኮምፒውተሩን ዘግቶ ተኛ።

በዚያ ሌሊት የቆርቆሮ ሳጥኑን ጎትቼ ከፈትሁት። የሐይቆቹን ትምህርት የያዘውን ደብተር ፈልጌ አገኘሁ። በገጹም ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ቡልቡላን ወደ ላንጋኖ ያስገቡታል፤ ካርታውን ራሳቸው ይሣሉት። ቀኑን ስመለከት ያ ወጣት መምህር እኔ ዘንድ በተማረበት ዓመት የተጻፈ ነው። ምናልባትም ከተሳሳቱት ተማሪዎች አንዱ እርሱ ነበረ ይሆናል። እንግዲህ ደብተሩን በጠየቀኝ ጊዜ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ያን ስሕተት አይሠራም ነበር። በስድሳ ልጆች ፊት ያዋረድሁት እኔ ራሴ በከለከልሁት ነገር ነው። ስሕተቱን የሠራሁ እኔ፣ የተሳቀበት እርሱ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአባ ገዳ አዳራሽ ባለበት በኩል አለፍሁ። ስለ ገዳ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ ለእኔ የተነገረ መሆኑን ግን ያን ቀን ገና አስተዋልሁ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚያዘው ለስምንት ዓመት ነው። ስምንቱ ዓመት ሲፈጸም፣ መሪው ቢወደድም ባይወደድም፣ ቢበረታም ቢደክምም፣ ለተረኛው ያስረክባል። ተረኛውም በድንገት የሚመጣ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በየደረጃው ሲዘጋጅ የኖረ ነው። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በመተሐራና በፈንታሌ በኩል ያሉት ከረዩዎች እስከ ዛሬ ይህን ሥርዓት ይዘው ይኖራሉ። ዩኔስኮም በ2016 የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ያላልሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሥልጣኑን ያስረከበ ሰው አይጣልም፤ ዩባ ይባላል፤ ሥራውም መምከርና የሚያውቀውን ለሚከተሉት ማካፈል ነው። ዩባ አይገዛም፤ ሲጠየቅ ይመክራል። እኔ ግን ዩባ መሆን ሲገባኝ አሁንም አባ ገዳ ልሁን ብዬ ነበር። ጎረቤቶቼ ለዘመናት የኖሩበትን ጥበብ ከአጠገቤ ትቼ፣ ከእንግሊዝ ፊልም መማሬ ለእኔ ለአስተማሪው ሌላ ኀፍረት ነው።

በአማርኛችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት አለ። ይህ ተረት የብዙዎቻችንን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ሹመትን እንደ መብል ስለምንቆጥረው መልቀቁ እንደ ረኃብ ያስፈራናል። እኔ ከሥራዬ ያልተገባ አንድ ሳንቲም በልቼ አላውቅም። ነገር ግን የሚበላው ገንዘብ ብቻ አይደለም። «ቲቸር» መባልን፣ በግቢው ሳልፍ ልጆች ከመቀመጫቸው መነሣታቸውን፣ ያለ እኔ አይሆንም መባልን እበላ ነበር። ተተኪዬም ይህን ማዕድ የነጠቀኝ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሳጥኑን በባጃጅ አድርጎ ከእኔ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። በደሉ የተደረገው በተማሪዎች ፊት ነበርና ይቅርታውም በተማሪዎች ፊት መሆን አለበት ብዬ ቆርጬ ነበር። በሩን አንኳኩቼ «መምህር፣ መግባት ይፈቀድልኛል?» አልሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ «አንተ» ስለው የኖርሁትን ሰው ያን ቀን «እርስዎ» አልሁት። ደንግጦ ጠመኔውን ጣለ። ወደ ተማሪዎቹ ዞሬም «መምህራችሁ ሥራቸውን ሲጀምሩ ደብተሮቼን ለምነውኝ ነበር፤ እኔም ደብቄ ከለከልኋቸው። ስለ ቡልቡላ የተሳሳቱት እርሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ሳላንኳኳ የገባሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልሁ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። የተሰጠው ቅጽል ስም እነዚያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ አልጠፋም። በአንድ ደቂቃ ያፈረስሁትን በአንድ ደቂቃ ልገነባው አልቻልሁም። ከደብተሮቼም የሚበዛው ክፍል የማይጠቅም ሆኖ ተገኘ። የሕዝቡ ቁጥር ተለውጧል፤ የክፍለ ሀገሮቹ ስሞች አልፈዋል፤ የመማሪያ መጽሐፉም ተለውጧል። ይህን ያህል የሳሳሁለት ሀብት ግማሹ አሮጌ ወረቀት ነበር። ወጣቱ መምህር ግን ገጾቹን እያገላበጠ ጠርዙን ያነብ ነበር። ልጆች ምን እንደሚያምታታቸው፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚያስፈራቸው፣ የትኛው ምሳሌ ዓይናቸውን እንደሚያበራው የተጻፈውን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ወሰደ። «ቲቸር፣ ይህ በየትም መጽሐፍ አይገኝም» አለኝ። እኔ የኮራሁበት የተረሳ፣ ልብ ያላልሁት ደግሞ የሚፈለግ ሆነ። ሰው ለተተኪው ምን እንደሚጠቅመው ራሱ አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰጥቶ ምርጫውን ለተቀባዩ መተው ይገባዋል።

አሁን በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ይጠራኛል። ስለ አዋሽ አስተምራለሁ። አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ በቆቃ ይጠራቀማል፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ ከዚያም ወደ አፋር ወርዶ በአቤ ሐይቅ ያበቃል እንጂ ወደ ባሕር አይደርስም። ተማሪዎች ሁልጊዜ «ባሕር ካልደረሰ ምን ጠቀመ?» ይሉኛል። እኔም በመንገዱ የጠጡትን ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ከዚህ የተረፈውን ሰዓት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ተማሪ ወደ እኔ ዞሮ ቢጠይቀኝ «መምህራችሁን ጠይቁ» ብዬ እመልሳለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር መናገር በመጀመሪያ መራራ ነበር፤ አሁን ግን ይጣፍጠኛል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ፊልሙን አደነቅሁ ማለቴ የጄምስ ቦንድን ሕይወት ተከተሉ ማለቴ አይደለም። እርሱ ገዳይ ነው፤ መጠጥ ይወዳል፤ በሴቶችም ላይ ያሳየው የኖረ ጠባይ አይመሰገንም። እውነተኛውንም ሰላይ የእኔ ዘመን ሰዎች በአብዮቱ ጊዜ አውቀነዋል፤ ያማረ ልብስና ፈጣን መኪና አልነበረውም፤ ከሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ የጎረቤቱን ቃል የሚለቅም ጆሮ ጠቢ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱስም ሙሴ ምድሪቱን እንዲያዩ ከላካቸው ሰላዮች አንዱ ኢያሱ እንደ ነበረ አስታውሱ። ሙሴ ምድሪቱን ከተራራ ላይ ሆኖ አይቶ ቀረ፤ ሕዝቡን ያስገባው ኢያሱ ነው። ሙሴም እጁን ጭኖ አደራውን ሰጠው እንጂ በትሩን አልደበቀበትም።

ይህ ምክር ለሽማግሌዎች እንጂ ለእኛ አይደለም አትበሉ። ዛሬ የክፍል አለቃ የሆነ፣ የእግር ኳስ ቡድን አምበል የሆነ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚመራ ልጅ ሁሉ ነገ የሚያስረክበው ነገር አለው። ሥራን በጀመራችሁ ቀን ተተኪያችሁን ፈልጉ፤ ያወቃችሁትንም በጠርዙ ላይ ጻፉ። አዲስ ሰው በመጣ ጊዜ ሥራውን ሳታዩ በፀጉሩ አትፍረዱበት። ተተኪ የሆናችሁ እንደሆነ ደግሞ የቀደማችሁን ሰው ሙዝና ብርቱካን ይዛችሁ ጠይቁት፤ ቢከለክላችሁም አትናቁት፤ ምናልባት የፈራው እናንተን ሳይሆን ባዶ ቤቱን ነው።

የቆርቆሮው ሳጥን አሁንም ከአግዳሚው ወንበር ሥር ነው፤ በውስጡ ምንም የለም። እንግዳ መጥቶ በላዩ በተቀመጠ ቁጥር ባዶነቱን አስታውሳለሁ፤ ልቤም ያርፋል።